አየሩ አንድ፣ አስተዳደሩ ብዙ፦ የአየር ብክለትን ተቀናጅቶ ለመቆጣጠር የትኛው መንገድ ይሻላል?

አንድ ከተማ የድንጋይ ከሰል ማሞቂያዎቹን ነቅሎ፣ አሮጌ አውቶቡሶቹን አስወግዶ፣ ደጅ ላይ ቆሻሻ ማቃጠልን ከልክሎም አየሩ የታሰበውን ያህል ላይጠራ ይችላል። ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ ዝናብ ካላጠበው ለቀናት አየር ላይ ይቆያል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችንም ይጓዛል። ወደ መሬት ቀርቦ ሲገኝ በካይ የሚሆነው ኦዞን ደግሞ ከጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችና በቀላሉ የሚተኑ ኦርጋኒክ ውህዶች ፀሐይ ላይ ሲገናኙ ጉዞ ላይ እያሉ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ ጎረቤታሞች አብረው ይሥሩ የሚለው ብዙም አያከራክርም። የሚያከራክረው ማን ያስገድድ፣ ማን ይክፈል፣ የማን ቁጥር ይታመን የሚለው ነው።

ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት በተግባር ተሞክረው ውጤታቸው የታየ አምስት መንገዶች ናቸው፦ ለመላው የአየር ተፋሰስ (አንድ አየር ለሚጋራው አካባቢ ሁሉ) አንድ መሥሪያ ቤት ማቋቋም፣ ከማዕከላዊ መንግሥት የሚወርድ ኮታ፣ የልቀት ፈቃድ ገበያ፣ በአገሮች ድርድር የሚወሰን ጣሪያ፣ እና ማስገደጃ የሌለው ስምምነት። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጭሱ የማን እንደሆነ ይታወቅ

ቤጂንግ በ2014 ይፋ ባደረገችው የምንጭ ትንተና፣ በዓመት ከሚለካው ፒኤም 2.5 ውስጥ ከ28 እስከ 36 በመቶው ከአጎራባች አካባቢዎች የሚነፍስ፣ የቀረው የራሷ መሆኑን አሳወቀች። በ2018 ትንተናው ሲታደስ ደግሞ በከባድ ብክለት ቀናት የውጭው ድርሻ ከ55 እስከ 75 በመቶ እንደሚደርስ ታየ። ሁለቱ ቁጥሮች አይጋጩም፤ ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። የዓመቱን አማካይ ዝቅ ማድረግ የሚፈልግ አስተዳደር ዋናው ሥራ እዚያው ቤቱ አለ። ሆስፒታል የሚያጨናንቁትን ጥቂት ከባድ ቀናት ማስቀረት የሚፈልግ ግን ያለ ጎረቤት ፈቃድ የትም አይደርስም። የመንገድ ምርጫው ከዚህ ልዩነት ስለሚጀምር ቁጥሩን ሳይዙ ድርድር መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ቁጥሩን ለማግኘት ሦስት ሥራዎች ያስፈልጋሉ። ጣቢያዎችን ከተማው መሃል ብቻ አትትከሉ፤ ቢያንስ አንዱ ነፋሱ በብዛት በሚመጣበት ወገን፣ ከከተማው ወሰን ውጭ፣ ከመንገድና ከፋብሪካ ርቆ ይቁም። በተመሳሳይ ሰዓት የውጭው ንባብ ከመሃሉ ሲቀነስ የሚተርፈው በግምት የከተማው የራሱ ነው። ነፋስ ከወቅት ወቅት ስለሚለዋወጥ ልኬቱ ከአንድ ሙሉ ዓመት ማነስ የለበትም። ቀጥሎ ብናኙ በማጣሪያ ተሰብስቦ በቤተ ሙከራ ይመርመር። ሰልፌትና አሞኒየም ናይትሬት ከበዙበት በአመዛኙ አየር ላይ የተፈጠረ፣ ከሩቅም ሊመጣ የሚችል ነው፤ ጥቁር ካርቦኑ ጠዋትና ማታ በትራፊክ ሰዓት ከፍ የሚል ከሆነ ምንጩ ቅርብ ነው። በመጨረሻ በኮምፒውተር ሞዴል የአንዱ ክልል ልቀት ዜሮ ተደርጎ እንደገና ይሰላል። እዚህ ላይ የሁሉም ድርሻ ሲደመር 100 ባይሞላ ወይም ቢያልፍ ስህተት ተሠራ ብላችሁ አትደንግጡ፤ የአየሩ ኬሚስትሪ በቀጥታ መስመር ስለማይሄድ ነው።

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው በመሣሪያ ነው። ርካሾቹ የሌዘር ዳሳሾች እርጥበት ሲበዛ ከእውነቱ በላይ ያነባሉ፤ ብናኙ ውሃ ስቦ ስለሚያብጥ ነው። ከመተከላቸው በፊት ከአንድ አስተማማኝ የማጣቀሻ መሣሪያ ጎን ለጥቂት ሳምንታት ቆመው ንባባቸው መታረም አለበት፤ ወቅት ሲለወጥም እንደገና። ሁለት አጎራባች አስተዳደሮች በተለያየ መንገድ ባረሙት ዳሳሽ ከለኩ ደግሞ ስብሰባው ሁሉ በቁጥር ጭቅጭቅ ያልቃል።

አንድ መሥሪያ ቤት ለመላው ተፋሰስ

የደቡብ ካሊፎርኒያው የአየር ጥራት አስተዳደር ከ1977 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ኦሬንጅ ካውንቲን በሙሉ፣ ከሎስ አንጀለስ፣ ከሪቨርሳይድና ከሳን በርናርዲኖ ደግሞ በረሃ ያልሆነውን ክፍል ያጠቃልላል። ወሰኑ የተሰመረው ጭሱ ተራራ ገትቶት የሚተኛበትን ሸለቆ ተከትሎ ነው። ወደ 17 ሚሊዮን ሰው የሚኖርበትን ይህን አካባቢ 13 አባላት ያሉት ቦርድ ይመራዋል። ለፋብሪካ ፈቃድ ይሰጣል፣ ይቆጣጠራል፣ ይቀጣል። አንድ ደንብ ለሁሉም ስለሚሠራ ፋብሪካ ደንቡ ወደ ላላበት ጎረቤት ሊሸሽ አይችልም፤ የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

ድክመቱ ሥልጣኑ ከምንጩ ጋር አለመግጠሙ ነው። በተፋሰሱ ኦዞን ከሚያስከትሉት የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው የሚወጣው ከመኪና፣ ከመርከብ፣ ከባቡርና ከአውሮፕላን ሲሆን፣ የእነዚህ ሞተሮች ደረጃ የሚወሰነው በካሊፎርኒያ ግዛትና በፌዴራል መንግሥት ነው። መሥሪያ ቤቱ የቀሩትን ምንጮች የቱንም ያህል ቢያጠብቅ ሊደርስበት የሚችለው ርቀት የተወሰነ ነው።

ሕንድ በ2021 ለዴልሂና ለአካባቢዋ ያቋቋመችው ኮሚሽን ዴልሂን ጨምሮ ወደ ሃሪያና፣ ፑንጃብ፣ ራጃስታንና ኡታር ፕራዴሽ የሚዘልቅ ሥልጣን አለው፤ እስከ 5 ዓመት እስራትና 1 ክሮር ማለትም 10 ሚሊዮን ሩፒ የሚደርስ ቅጣት በሕጉ ተቀምጧል። የአየር ጥራት መለኪያው 201 ሲገባ የመጀመሪያው፣ 301 ላይ ሁለተኛው፣ 401 ላይ ሦስተኛው፣ ከ450 ሲያልፍ አራተኛው ደረጃ እርምጃ ይታወጃል። በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው። ግን በኦክቶበርና በኖቬምበር የሚነሳውን የሩዝ ገለባ ጭስ እንመልከት። ፑንጃብ የከርሰ ምድር ውሃዋ እየራቀ ሲያስቸግራት በ2009 ሩዝ ከጁን 10 በፊት እንዳይተከል በሕግ ከለከለች። ተከላው ዘገየ፤ አጨዳውም አብሮ ዘገየ፤ ከሩዝ አጨዳ እስከ ስንዴ ዘር ያለው ጊዜ ወደ ሁለትና ሦስት ሳምንት ጠበበ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኮምባይነር ትቶት የሄደውን ገለባ ከማሳ ለማንሳት ለገበሬው ፈጣኑም ርካሹም እሳት ነው። ለውሃ የወጣ ሕግ አየሩን አበላሸ። ገለባውን ሳያቃጥሉ መሃሉ ላይ የሚዘሩ ማሽኖችን ለመግዛት ለግለሰብ 50፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር 80 በመቶ ድጎማ የተሰጠው የቅጣት ሥልጣን ብቻውን እንደማይበቃ ስለታየ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የምትመርጡ ከሆነ፣ ግብርናና ውሃ በሚወስኑት መሥሪያ ቤቶች ላይም ድምፅ እንዲኖረው ከመጀመሪያው በሕጉ ይጻፍ።

ከላይ የሚወርድ ኮታ

በፍጥነት ረገድ ከቻይናው መንገድ ጋር የሚወዳደር የለም፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። በጃንዋሪ 2013 ሰሜን ቻይና በጭስ ከተዋጠች በኋላ በሴፕቴምበር የአገሪቱ መንግሥት ምክር ቤት እስከ 2017 የሚደርስ የድርጊት መርሐ ግብር አወጣ። የቤጂንግ፣ ቲያንጂንና ሄቤይ አካባቢ ፒኤም 2.5ን በ25 በመቶ፣ የያንግትዜ ደልታ በ20፣ የፐርል ወንዝ ደልታ በ15 እንዲቀንሱ ታዘዙ። የድንጋይ ከሰል ቅነሳውም በቶን ተሸንሽኖ ወረደ፦ ከ2012 አንጻር ቤጂንግ 13 ሚሊዮን፣ ቲያንጂን 10 ሚሊዮን፣ ሻንዶንግ 20 ሚሊዮን፣ ሄቤይ 40 ሚሊዮን ቶን።

የመጨረሻውን ቁጥር ደግማችሁ እዩት። ከአራቱ አካባቢዎች ሸክም ግማሽ የሚጠጋው የወደቀው ከቤጂንግ ይልቅ ድሃ በሆነችው፣ የብዙ ሰው እንጀራ በብረት ፋብሪካ ላይ በተመሠረተው በሄቤይ ላይ ነው። አየሩ ሲጠራ ግን ስሙም ጥቅሙም ጎልቶ የሚታየው ዋና ከተማዋ ላይ ነው። ይህን ለማካካስ ቤጂንግ ከባኦዲንግና ከላንግፋንግ፣ ቲያንጂን ከታንግሻንና ከካንግዦው ጋር ተጣምረው ለከሰል ቦይለር ቅየራ ገንዘብ እንዲሰጡ ተደረገ። ትክክለኛ አካሄድ ነው፤ ከኮታው ጋር በአንድ ቀን ቢጀመር ደግሞ ይበልጥ ፍትሐዊ በሆነ ነበር።

ውጤቱ የማይካድ ነው። የቤጂንግ ዓመታዊ አማካይ በ2013 በሜትር ኩብ 89.5 ማይክሮ ግራም ነበር፤ በ2017 ወደ 58፣ በ2020 ወደ 38፣ በ2024 ወደ 30.5 ወረደ። ከ2017 ጀምሮ ቅንጅቱ ቤጂንግንና ቲያንጂንን፣ እንዲሁም በሄቤይ፣ ሻንሺ፣ ሻንዶንግና ሄናን ያሉ 26 ከተሞችን አካቷል። የማስጠንቀቂያ ደረጃቸውም አንድ እንዲሆን ተደርጓል። ቀደም ሲል ያው አንድ ጭስ አንዱ ከተማ ላይ ቀይ፣ ጎረቤቱ ላይ ብርቱካናማ ይባል ስለነበር አንዱ ፋብሪካ ሲዘጋ ሌላው በሙሉ አቅሙ ያመርት ነበር። ቅንጅት ውስጥ የሚገባ ሁሉ ከማንም ሥራ በፊት ሊያስተካክለው የሚችለው ርካሽ ነገር ይህ የደረጃ ልዩነት ነው።

የተበላሸው ምኑ ላይ ነው? በ2017 መጸውና በተከተለው የብርድ ወቅት ከ3 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ከከሰል ምድጃ ወደ ጋዝ ወይም ኤሌክትሪክ እንዲዞሩ ተደረገ። ምድጃው ተነቀለ፤ የጋዝ መስመሩና ማከማቻው ግን በብዙ ቦታ አልደረሰም ነበር። ብርዱ ሲበረታ ጋዝ አጠረ፤ በሄቤይ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልጆች በብርድ ተቀመጡ። በዲሴምበር መጀመሪያ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴሩ ቅየራው ባልተጠናቀቀበት ሁሉ ከሰል እንዲነድ ለመፍቀድ ተገደደ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆን ነበረበት፦ በመጀመሪያ የጋዝ ውልና ማከማቻ፣ ከዚያ መስመር፣ ከዚያ የቤት ውስጥ መሣሪያ፣ አንድ የብርድ ወቅት ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ፣ በመጨረሻ የአሮጌው ምድጃ መነሳት። ኮታ በቀን ገደብ ሲወርድ የመጀመሪያው የሚዘለለው የማይታየው ሥራ ነው።

ሌላው አደጋ ሹመት በቁጥር ሲመዘን ቁጥሩ ራሱ መነካካቱ ነው። በ2016 በሺያን ከተማ የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኞች የጣቢያውን አየር መሳቢያ በጥጥ ፋሻ ደፍነው ንባቡን ዝቅ ሲያደርጉ ተገኝተው ተፈርዶባቸዋል። ቻይና ዋና ዋና ጣቢያዎችን ከከተሞች እጅ አውጥታ በአገር አቀፉ ማዕከል ሥር ያደረገችው እንዲህ ያለውን ለመከላከል ነው። ተመዛኙ ሚዛኑን መያዝ የለበትም።

የልቀት ፈቃድ ገበያ

ምንጩ ጥቂት መቶ ትልልቅ የጭስ ማውጫዎች ከሆነ፣ ልቀቱም በየሰዓቱ በአስተማማኝ መሣሪያ የሚለካ ከሆነ፣ ገበያ ከሁሉም በቀነሰ ወጪ ይሠራል። በምሥራቅ አሜሪካ ከ2003 እስከ 2008 የተሠራበት የናይትሮጅን ኦክሳይድ በጀት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው የኦዞን ወቅት ለኃይል ማመንጫዎችና ለትልልቅ ቦይለሮች ጣሪያ አስቀምጦ ፈቃዱን እንዲሸጡና እንዲገዙ ፈቀደ። ማጣሪያ መትከል የሚቀለው ይተክላል፤ የሚከብደው ይገዛል።

ጥያቄው ፈቃድ ገዢዎቹ ሁሉ ነፋሱ በሚነሳበት ወገን ከሆኑስ የሚለው ነው። ነፋሱ ጭሱን የሚያደርስበት ግዛት አየር ሳይጠራ ድምሩ ብቻ ሊቀንስ ይችላል። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2008 ተተኪውን ደንብ ያልተቀበለበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነበር፤ ገበያው እያንዳንዱ ግዛት ጎረቤቱን መጉዳቱን ማቆሙን አያረጋግጥም አለ። በ2011 የወጣው ደንብ መልስ ይዞ መጣ። አንድ ግዛት ጎረቤቱ ጣቢያ ላይ ከፌዴራሉ የአየር ጥራት ደረጃ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚያዋጣ ከሆነ ይካተታል። የሚቀንሰው መጠን የሚሰላው በአንድ ቶን ቅነሳ ወጪ ነው። የግዛቱ ጠቅላላ ልቀት ከበጀቱ በዓመታዊው በ18፣ በኦዞን ወቅቱ በ21 በመቶ ካለፈ ደግሞ ለእያንዳንዱ ትርፍ ቶን ሁለት ተጨማሪ ፈቃድ በቅጣት ይወሰዳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 በ6 ለ2 ድምፅ አጸናው። በ2023 የወጣውን ቀጣዩን ደንብ ግን ያው ፍርድ ቤት በ2024 አገደው። ይህን መንገድ የሚመርጥ አገር የክርክር ዓመታትን አብሮ ያስላ።

ገበያ ሲጀመር ፈቃድ ማብዛት የተለመደ ስህተት ነው። ሎስ አንጀለስ በ1994 የከፈተችው ገበያ መጀመሪያ ላይ ፈቃድ ስለተረፈ ፋብሪካዎች ማጣሪያ ሳይተክሉ ዓመታት አለፉ፤ በ2000 የኤሌክትሪክ ቀውስ ሲመጣ የፈቃድ ዋጋ ተሰቀለና ኃይል ማመንጫዎቹ ለጊዜው ከገበያው እንዲወጡ ተደረገ። ለሚሊዮን የማገዶ ምድጃ፣ ለገለባ እሳት፣ ለመንገድ አቧራ ደግሞ ይህ መንገድ ጨርሶ አይሆንም፤ የማይለካ ነገር አይሸጥም።

ድርድርና ስምምነት

ከሁሉም በላይ የሚሆን መንግሥት በሌለበት የአውሮፓው ምሳሌ ነው። በ1979 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለት ስምምነት ሲጀመር ባዶ ማዕቀፍ ነበር ማለት ይቻላል። ሥጋ የለበሰው በጋራ በሚከፈል ገንዘብ የሚሠራ የልኬትና የሞዴል መርሐ ግብር በ1984 በፕሮቶኮል ሲጸድቅለት ነው። የማን ሰልፈር ማን ሜዳ ላይ እንደሚወድቅ በሠንጠረዥ ሲቀርብ መካካድ ቀረ። በ1985 የሄልሲንኪው ፕሮቶኮል ሁሉም ከ1980 አንጻር 30 በመቶ ይቀንስ አለ። ለመደራደር ቀላል፣ ለፍትሕ ግን ሸካራ ነበር፤ ብሪታንያና ፖላንድም አልፈረሙም። በ1994 ኦስሎ ላይ አሠራሩ ተለወጠና አፈሩና ሐይቁ ሳይጎዳ የሚሸከመው መጠን ተሰልቶ ለየአገሩ የተለያየ ጣሪያ ወጣ። በ1999 ጎተንበርግ ላይ አራት በካዮች በአንድ ሰነድ ተያዙ፤ በ2012 ፒኤም 2.5 ተጨመረ። የተሻሻለው ሰነድ በሥራ ላይ የዋለው በ2019 ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ተደራዳሪ ይህን ቀን ልብ ይበል። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ቁጥሮቹን ወደ ሕግ ሲቀይር በ2030 ከ2005 አንጻር ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በ79፣ ናይትሮጅን ኦክሳይዶች በ63፣ ፒኤም 2.5 በ49 በመቶ እንዲቀንሱ ወሰነ። ለአሞኒያ ግን 19 በመቶ ብቻ፤ የገበሬው ጉዳይ እዚያም ከብዷል።

ማስገደጃ የሌለው ስምምነት ምን እንደሚሆን ደቡብ ምሥራቅ እስያ አሳይቷል። የጭስ ስምምነቱ በ2002 ተፈረመ፤ የደን ቃጠሎው በብዛት የሚነሳባት ኢንዶኔዥያ ግን ያጸደቀችው በ2014 ነው። በ2015 ደግሞ ከከባዶቹ የጭስ ወቅቶች አንዱ መጣ። ሲንጋፖር ተስፋ ቆርጣ በ2014 በውጭ አገር ሆነው አየሯን የሚበክሉ ኩባንያዎችን የሚከስ የራሷን ሕግ አወጣች። ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ትውውቅ እንጂ ለውጤት አትምረጡት።

ለየትኛው ሁኔታ የትኛው?

የውጭው ድርሻ ከአምስት አንድ የማይሞላ ከሆነ ለቅንጅት ከመሮጥ በፊት የራስን ቤት ማጽዳት ይቀድማል። ከሲሶ ካለፈና ሁለቱም ወገኖች በአንድ መንግሥት ሥር ከሆኑ፣ ምንጮቹም የተበታተኑ ከሆኑ፣ ኮታ ከገንዘብ ድጋፍ ጋር ወይም የጋራ ኮሚሽን ይሻላል። እንደኛ ሚዛን ኮሚሽኑ የሚቀድመው ሕዝቡ ቅሬታውን የሚያቀርብበት ፍርድ ቤትና ምክር ቤት በሚሠራበት ቦታ ነው፤ ኮታ ከላይ ሲወርድ የሄቤይ ልጆች ብርድ እንደደረሰባቸው የሚናገር ሰው ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ጥቂት ትልልቅ ጭስ ማውጫዎች ላሉበት ገበያ፣ የአገር ድንበር ለሚሻገር ጭስ ድርድር።

አዲስ አበባን ብንወስድ ዙሪያዋን የከበባት ኦሮሚያ ነው፤ ከሸገር ከተማ የሚለያት መስመር ለጭስ ትርጉም የለውም። የጭሱ ምንጭ የናፍጣ መኪና፣ ማገዶና ከሰል፣ የሚቃጠል ቆሻሻና አቧራ ስለሆነ ገበያ ከወዲሁ ይወጣል። የሚስማማው ሁለቱ አስተዳደሮችና የፌዴራሉ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የሚቀመጡበት፣ የመኪና ምርመራንና የቆሻሻ አያያዝን በአንድ ደረጃ የሚያስኬድ የጋራ አካል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የራስ ልኬት፦ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በማርች 2025 የኤምባሲዎቹን የአየር መረጃ ማሰራጨት ሲያቆም፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በእነዚያ መሣሪያዎች ላይ ተደግፈው የነበሩ ከተሞች ተከታታይ መረጃቸው ተቋርጧል።

ሰነዱ ላይ መግባት ያለባቸው

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ፣ ጣቢያዎቹን የሚያስተዳድረው አካል ከተመዛኞቹ የተለየ መሆኑ፣ የሰዓት በሰዓት ንባቡ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ፣ በየማስጠንቀቂያ ደረጃው የትኛው ፋብሪካ የትኛውን መስመር እንደሚያቆም በስም መዘርዘሩ፣ ነፋሱ ከላይ ለሚነሳበት ድሃ ወገን የሚከፈለው ገንዘብና የሚለቀቅበት ቀን በሰነዱ ይጻፍ። «በጋራ ጥረት እናደርጋለን» የሚል አንቀጽ ማንንም አያስገድድም። ለጉባኤ ሰሞን ብቻ የሚደረግ መዝጋትም እንደ ስኬት አይቆጠር፤ በኖቬምበር 2014 ለኤፔክ (የእስያና የፓስፊክ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር) ጉባኤ የጠራው የቤጂንግ ሰማይ እንግዶቹ ሲሄዱ ተመልሶ ደፈረሰ።

የክለሳ ቀንም ይቀመጥ፤ ከአምስት ዓመት ባይርቅ ይመረጣል። በቻይና ፒኤም 2.5 ሲወርድ በብዙ ከተሞች የሞቃታማ ወራት ኦዞን ከፍ ብሏል። የሚተኑት ኦርጋኒክ ውህዶች ሳይቀነሱ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ብቻቸውን ሲቀነሱ፣ የመኪና ጭስ በበዛበት መሃል ከተማ ኦዞኑን የሚበላው ጋዝ አብሮ ስለሚያንስ ነው። ስለዚህ በክለሳው ላይ የቀለም፣ የማጣበቂያ፣ የነዳጅ ማደያና የማተሚያ ቤት ትነት የራሱ ኮታ ይሰጠው፤ የምንጭ ትንተናውም ከድርድሩ ዓመት በፊት ተጠናቆ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ።